የቆጠራው ቀን የት እንደነበርክ

ሎረል ፎርክ፣ ኬንታኪ
በኅዳር መጀመሪያ

ለወንድሜ፦

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። እንዴት ከረምክ? ጀርባህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ እንደሚጠናብህ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያ የተጠለልክበት ተጎታች ቤት ደግሞ ማሞቂያው ለስሙ ነው ያለው ብሎኛል ጓደኛህ ቬርሊን። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። የእናታችን የፖም ዛፍ ዘንድሮ ያለ ልክ አፍርቶ አንዱ ቅርንጫፍ ተገነጠለ። የቻልኩትን ያህል ቀቅዬ በጠርሙስ አሽጌዋለሁ፤ ሁለት ጠርሙስ ቬርሊን ይዞልህ ይመጣል። አንዱ መንገድ ላይ ጎድሎ ከመጣ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለህ።

ስልክ ብደውል አታነሳም። መልእክት ብልክ እንዳነበብከው ይታየኛል፣ መልስ ግን የለም። እሺ፣ ይሁን። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁ። ቬርሊን በእጅህ ሰጥቶህ አንብበህ እስክትጨርስ በራፍህ ላይ እንደሚቆም ምሎልኛል። ብትሰድበውም አይሄድም። ሃያ ዓመት ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ተኮራምቶ የሠራ ሰው በአንተ ስድብ አይነቃነቅም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነው የምጽፍልህ። የምታውቀውን መልሼ ስነግርህ አትቆጣ። ለክሊኒካችን ሐኪም ለዶክተር ስቲድሃምም እንዲሁ ከመጀመሪያው ነው የነገርኳት፤ ለእሷ ያልኩትን አንተም ሳይጨመር ሳይቀነስ እንድትሰማው እፈልጋለሁ።

እንዲህ አልኳት። ወንድሜ የከሰል ጉድጓዱ ጣሪያ ጀርባው ላይ ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ የሕመም ማስታገሻ ክኒኑን የሰጠነው እኛው የክሊኒኩ ሰዎች ነን። ከአንቺ በፊት የነበረው ሐኪም ያዝዝ ነበር፣ እኔ ወረቀቱን በዚችው መስኮት አቀብል ነበር። ሕመሙ ሲቀር ክኒኑ አልቀረም። ክኒኑ ሲከለከል ደግሞ በድብቅ የሚሸጠውን የሄሮይን ዱቄት ፈለገ። ሚስቱ ልጁን ይዛ ሄደች። ከዚያ አንቺ መጣሽና ያቺን ሱሱን የምታስታግስ፣ ከምላስ ሥር የምትቀልጥ ስስ መድኃኒት ጀመርሽለት፤ አራት ዓመት አንድ ቀን ሳያጎድል ወሰዳት። ሥራ ገባ። ኬልሲ ቅዳሜና እሁድ አባቷ ዘንድ ማደር ጀመረች። እናታችን ስትሞት የሬሳ ሣጥኑን ከፊት ተሸክሞ ያን ዳገት የወጣው እሱ ነው፣ ቀጥ ብሎ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደናቀፍ። ይህን ሁሉ እሷም ታውቀዋለች፤ እኔ ግን ከአፌ እንዲወጣ ፈለግሁ።

አራት ዓመት እኮ ቀላል አይደለም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው እየመጣ "እስካሁን ያንን ነገር ትወስዳለህ? መቼ ነው የምትተወው?" ሲልህ ጎንበስ ብለህ የጫማህን ማሰሪያ ታጠብቅ ነበር። ቬርሊን ነበር የሚመልስልህ። እሱ በመድኃኒቷ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ እያሳያቸው "እነዚህንም መቼ እንደምተዋቸው ንገሩኝና አብሬ እተዋለሁ" ይላቸው ነበር። አንተ ስትስቅ ትከሻህ ይነቃነቃል። ያንን ሳቅህን ካየሁ ቆየሁ።

አሁን ወደ ቆጠራው ልምጣ። ሕጉን ያወጣነው ክፉዎች ስለሆንን አይደለም። ፈርተን ነው። ከግዛቱ ዋና ከተማ ሰዎች እየመጡ መዝገብ ያገላብጡብን ነበር፤ መድኃኒቱን ወስደው የሚሸጡ አሉ፣ እናንተም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትሰጣላችሁ ይሉን ነበር። ስለዚህ ሳይታሰብ እንደውላለን፣ ሰውየው በማግስቱ የመድኃኒቱን ሳጥን ይዞ ይመጣል፣ የቀረችውን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ካልመጣ ሽጦታል ብለን ስሙን እንሰርዛለን። በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ሕግ ይመስል ነበር። የተየብኩትም እኔው ነኝ።

ያንተ ስም የወጣው በመስከረም አጋማሽ ነው። ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው፣ በዚህ እንኳ አትጠርጥረኝ። በውድ የሚሸጠው የጂንሰንግ ሥር የሚቆፈርበት ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን የዚህ ሸለቆ ግማሽ ወንድ ድንኳኑን ይዞ ተራራ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር በሌለበት። ኮምፒውተሩ ይህን ከየት ያውቃል? እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ነኝ። ደወልኩ፣ አላነሳህም። በማግስቱ ደወልኩ፣ አላነሳህም። በሁለቱም ቀን የት እንደነበርክ አውቅ ነበር።

ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው ሰባት ሳምንት የፈጀብኝ።

በሁለተኛው ቀን ዶክተር ስቲድሃም ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ። ዴል አብሯት ተቀምጧል፤ ያው ከቀጠሮ የሚቀሩ በሽተኞችን በየቤታቸው እየዞረ የሚጠይቀው ዴል። ሐኪሟ መዝገብህን ዘግታ መዝገቡ ላይ እጇን አሳርፋ ነበር። መሰረዝ አልፈለገችም፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። "የት ሊሆን እንደሚችል የምታውቂው ነገር አለ?" አለችኝ። "ዴል ይሂድና ይጥራው፤ ተራራም ከሆነ ይውጣ።"

ዴልን አየሁት። የማን ልጅ እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። አያቱ የእኛን የጂንሰንግ ቦታ ሁለቴ አራግፎታል፣ ለዘር የሚሆን ፍሬ እንኳ ሳይተው። አባታችን ያቺን ቦታ ሊያሳየን ሲወስደን እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አንተ ትከሻው ላይ ነበርክ። መንገድ እንዳይወጣ በሄድንበት እንዳንመለስ ነገረን። ለትዳር ጓደኛ አይነገርም አለ፣ ለፓስተር አይነገርም፣ በፍርድ ቤት ብትጠየቂም አታውቂም አለ። እዚህ አገር ሰው መኪናውን ያውስሃል፣ ጠመንጃውን ያውስሃል፤ የሚቆፍርበትን ግን አያሳይህም። እኔም ይህንን ከአርባ ዓመት በላይ ይዤ ኖሬያለሁ።

"አላውቅም" አልኩ።

አፌ ነው የተናገረው። ልቤ ገና ሳይደርስ ወጥቶ ነበር። ጭቃ ለለበሰ ሥር ብዬ የእናቴን ልጅ ሸጥኩት ማለት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ግን እውነቱን ልንገርህ ካልኩ እስከ መጨረሻው ልንገርህ። ምሳ ሰዓት ላይ ዴል ወጥቶ ነበር። ሐኪሟ ብቻዋን ነበረች። በሩን ዘግቼ ልነግራት እችል ነበር። አልገባሁም። ለምን ብትል፣ ሰሞኑን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዷ "እህቱ መስኮት ላይ ናት፣ እሱማ ምን ይሆናል" ስትል ሰምቼ ነበር። ስሟን አልጽፍም፤ አንተ ትደርስባታለህ። ያ ነገር ውስጤ ገብቶ አላስቀምጥ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳላዳላ ሠርቼ በስተርጅና ስሜ እንዳይጎድፍ ፈራሁ። ለወንድሟም አልራራችም እንዲባልልኝ ፈለግሁ። ተባለልኝም። ደስ ብሎኝም ነበር መሰለኝ፣ ለአንድ ቀን ያህል።

በአምስተኛው ቀን ከተራራ ወርደህ የድምፅ መልእክቴን ሰምተህ ጭቃህን እንኳ ሳትታጠብ መጣህ። ሳጥንህን በመስኮቱ አቀበልከኝ። ቆጠርኩ። አንዲት አልጎደለችም፣ አንዲት አልተረፈችም። ይዘሃት ነው የወጣኸው፤ በየጠዋቱ ድንኳን ውስጥ ሆነህ እንደታዘዘልህ ወስደሃታል። ስምህ መሰረዙን፣ እንደገና ለመጀመር ተራ ይዘህ ሦስት ወር መጠበቅ እንዳለብህ ነገርኩህ። ከኋላህ ሰዎች ተቀምጠው ነበር፣ ሁሉም የሚያውቁን። ትጮሃለህ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮህክም። ዓይኔን አየኸኝና "ታውቂ ነበር" አልከኝ።

እኔም "ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው" አልኩህ።

አሁን ድረስ እሰማዋለሁ ያንን ድምፄን። ሳጥንህን አንስተህ በሩን ቀስ አድርገህ ዘግተህ ወጣህ። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለህ፤ እኔ የሰማሁት ከቬርሊን ነው፣ እሱም ዘግይቶ። የቀረችህን እየከፈልክ፣ ግማሿን ዛሬ ግማሿን ነገ እያልክ እንዳቆየሃት ነገረኝ። ስታልቅብህ ሁለት ጊዜ ወደ ክሊኒኩ መጥተህ መኪና ማቆሚያው ላይ ተቀምጠህ እንደተመለስክ ነገረኝ። እኔ በመስኮት አልነበርኩም እንዴ? አይቼህ ቢሆን ምን አደርግ ነበር? እሱን እንኳ አላውቅም።

የነዳጅ ማደያውን ነገር የነገረኝ ባለፈው እሁድ ነው። ወጥ ቤቴ ውስጥ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ እየበላ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ቬርሊን ምግብ እያለ ማንኪያ ሲያስቀምጥ አይቼው ስለማላውቅ ገና ሳይናገር ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ከንፈርህ ጠቁሮ እንዳገኘህ፣ ዱቄቱ የጣለውን ሰው የሚያስተነፍሰውን፣ በአፍንጫ የሚረጨውን መድኃኒት ከመኪናው ሮጦ አምጥቶ አንዴ ነፍቶልህ እንዳልተነሣህ፣ ሁለተኛውን ሲነፋልህ እንደተነፈስክ ነገረኝ። ለእኔ እንዳይነግረኝ አስምለኸው ሁለት ሳምንት አፍኖ ያዘው። ሁለተኛው ባይኖረውስ? እሱም ይህንኑ ነው ሲያስብ የከረመው። ሁለታችንም አለቀስን፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት፣ ባቄላው እየቀዘቀዘ።

በበነጋታው ክሊኒኩ ሳይከፈት ሄድኩ። ሐኪሟ ኮቷን እንኳ አላወለቀችም። ዴልም ነበር፣ ስኒውን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ። ይውጣልኝ ልል ብዬ ተውኩት። ያን ቀን እሱ ተቀምጦ ስለነበር የዋሸሁትን አሁን እሱ በቆመበት ላስተካክለው አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። ቦታውንም ተናገርኩ፤ ከሁለተኛው ፏፏቴ በላይ፣ ሰሜን በሚያየው ቁልቁለት፣ የወደቀው ትልቅ ዛፍ ሥር። እሷ ከሌላ አገር የመጣች ሰው ስለሆነች ምን እንዳደረግሁ አልገባትም። ዴል ግን ስኒው ከአፉ ሳይደርስ ቆመ።

"እኔ ይህን አልሰማሁም" አለኝ፤ ስኒውን አስቀምጦ ወጣ።

ቃሉን ይጠብቅ አይጠብቅ አላውቅም። በመጪው መስከረም ሥሩ ተነቅሎ ብታገኘው እኔ እንዳስነቀልኩት እወቅ። ይነቀል። አባታችንን ሳገኘው እኔው እመልስለታለሁ።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። ኮቷን አውልቃ ተቀመጠችና "ከእሱ በፊት ስንት ሰው እንዲህ ሸኝተናል?" አለችኝ። መዝገቡን አወጣን። አሥራ አራት። አሥራ አራቱንም በቆጠራ ነው የሰረዝናቸው፣ አሥራ አራቱንም የሰረዘው የእኔ እጅ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እኛ ስንደውል ዴል በየሸለቆው ሲዞር ዋለ። ስድስቱን አገኘናቸው። አራቱ ሞተዋል። የቀሩትን የሚያውቅ የለም። ከሞቱት አንዷ ያቺ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ የነበረችው ናት። ለቆጠራ ስንጠራት ኦሃዮ እናቷን እየቀበረች ነበር። ይህንንም ያወቅነው አሁን ነው፣ ከባሏ። ያኔ አልጠየቅናትማ።

ደክሞኛል ወንድሜ። ሰውነቴን አይደለም የምልህ።

ሕጉ ተቀደደ። ከአሁን በኋላ ለቆጠራ ያልመጣ ሰው ይፈለጋል እንጂ አይሰረዝም። ሽንቱ ውስጥ ዱቄት የተገኘበትም አይባረርም። ዶክተር ስቲድሃም ሁላችንን ሰብስባ፣ ይህ በሽታ ያለበት ሰው የበሽታውን ምልክት ስላሳየ እያባረርን ኖረናል፣ እኔም ፈርሜበታለሁ አለች። ከከተማ መጥተው መዝገብ የሚያገላብጡት ቢመጡ መልሱን እሷ ትሰጣቸዋለች። መድኃኒቷን ደግሞ ሰው እስከፈለጋት ድረስ፣ ዕድሜ ልኩንም ቢሆን ይወስዳታል፤ መቼ ትተዋለህ ብሎ የሚጠይቅ ከእኛ ቤት አይኖርም።

ያንተ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ተራ የለም፣ ሦስት ወር የለም። የዚያን ቀን ተጀምሮልህ የዚያኑ ቀን ይዘህ ትሄዳለህ። የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሳለህ፤ ከዱቄቱ ርቀህ ትንሽ መታመም አለብህ፣ አለዚያ መድኃኒቷ ራሷ ነች የምትጥልህ። ካልቻልክ ግን አልቻልኩም ብለህ እንዳትቀር። እንደሆንከው ሆነህ ና። ሐኪሟ በጣም በትንሹ እየጀመረች የምታስለምድበት መንገድ አላት። ለሳምንት እንዳታሳድረው፤ በሚቀጥለው ሳምንት የአጋዘን አደን ይከፈታል፣ ቬርሊን ጫካ ከገባ የሚያመጣህ የለም። ደግሞ ሳምንት ረጅም ነው። ያንተን ሳምንት እፈራዋለሁ።

ኬልሲን ቅዳሜ እናቷ አመጣችልኝ። አድጋለች፤ እጅጌዋ አጥሯታል። አባቴ መጥፎ ሆኗል ወይስ ታሟል ብላ ጠየቀችኝ። ታሟል አልኳት። መድኃኒት የለውም ወይ አለችኝ። አለው አልኳት። ታዲያ ለምን አይወስደውም ስትለኝ የፖም ጠርሙስ ከፈትኩላት።

ቬርሊን ያልከውን ነግሮኛል። መድኃኒቷን እንደምትፈልግ፣ ግን ዳግመኛ ከእኔ ፊት ከምትቆም ብትሞት እንደሚሻልህ። አትቆጣው፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኩት። ልክ ነህ። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን አልቆምም ነበር።

መስኮቱ ላይ በእኔ ቦታ ማርላ የምትባል ሴት ታገኛለህ። ከወንዝ ማዶ ናት፤ የእኛን ሰው አታውቅም፣ የቤተሰባችን ስም ምንም አይነግራትም። የማን ወንድም ነህ ብላ አትጠይቅህም። ወንበሩ ዝቅ ብሎባት ስትቸገር አየሁና ማንሻው በቀኝ በኩል ከሥር እንደሆነ፣ ጠንከር አድርጋ እንድትስበው አሳየኋት። ያቺን ትንሿን የእግር ማሞቂያም እዚያው ተውኩላት፤ ከበሩ ነፋስ ይገባል። ቁልፎቹንም የትኛው የየትኛው እንደሆነ አስለመድኳት። ደህና ሴት ትመስላለች፣ ወሬ አታበዛም። ስምህን ብቻ ንገራት፤ እያወቀች ነው የምትጠብቅህ።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም። እሱ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ደግሞ በሕይወት ላለ ሰው ነው። አንተ ብቻ ኑርልኝ፤ ከፈለግህ ዕድሜ ልክህን እያኮረፍከኝ ኑር።

ማክሰኞ የቬርሊን መኪና በእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው የምታልፈው፣ ሌላ መንገድ የለም። እንድትቆሙ አልጠይቅም። እጅህን እንድታነሣልኝም አልጠይቅም፤ ከፈለግህ ፊትህን ወደ ወንዙ አዙር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በረንዳ ላይ ነኝ። በመኪናዋ ውስጥ ሁለት ሰው መሆናችሁን ካየሁ ይበቃኛል።

የእናታችን አምላክ እስከዚያ ድረስ እስትንፋስህን ይጠብቅልኝ። ብርዱን ያቅልልህ፣ ማክሰኞን በእግርህ ያድርስህ። አሜን።

እህትህ